ካኪ ያለበሷት ሴት

ዘመቻ የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አንዱ ደረቱን ነፍቶ «ሴቶቻችንን ለማንቃት» ሲል ከሰማሁ ሬዲዮኑን እዘጋዋለሁ። ሴቶቻችን መች ተኙና? በደርግ ጊዜ ፒያሳ ትኖር የነበረች ሴት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የስኳር ሰልፍ ትይዛለች፣ ከዚያ ሥራ ትገባለች፣ ከሥራ ስትወጣ ስብሰባ ይጠብቃታል። እሷን ሊያነቃ የሚመጣው ደግሞ እስኪበቃው ተኝቶ የተነሳ ሰው ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ አራዳ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የአራሚ ሥራ ሌላው የጻፈውን አንብቦ የጎደለውን ፊደል መሙላት ነው። ሐሳብ ከጎደለ አይመለከትሽም። እኔ ደግሞ የማይመለከተኝ ነገር ነበር የሚያቃጥለኝ።

አንድ ቀን ለሴቶች ስለ ጡት ካንሰር የሚያስረዳ ፖስተር ይታተማል ተባለ። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያመጣችው አንዲት ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላት። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጡ ሴቶችን ስታይ ኖራ ሆዷ የቆሰለ ሴት ነበረች። ሠዓሊው እሷ እየነገረችው የሣላትን የመጀመሪያዋን ሴት አይቻታለሁ። ከወገቧ በላይ እርቃኗን ናት። ግራ ክንዷን አጥፋ እጇን ማጅራቷ ላይ አሳርፋለች፣ በቀኝ እጇ ጣቶች ደግሞ ግራ ጡቷን ጫን ብላ ትዳስሳለች። ፊቷ ምስር የምትለቅም ሴት ፊት ነው፤ አታፍርም፣ አትስቅም፣ ሥራዋ ላይ ናት። ከሥሯ እንዴት እንደሚዳሰስ፣ ምን እንደሚፈለግና ከተገኘ ወዴት እንደሚኬድ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ሴት ጣቷን እያስኬደች ልታነበው የምትችል አጭር አጭር አማርኛ ነበር።

ከዚያ ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔም የሚታረመውን ቃል ልይዝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰብሳቢው ሥዕሉን አየት አደረገና ቶሎ ዓይኑን አነሳ። «ጓዶች፣ የሠርቶ አደር እናት ራቁቷን አደባባይ አትቆምም» አለ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። በዚያ ዘመን አንገት ለመነቅነቅ ነበር የተፈጠረው።

ትልበስ ተባለ። ምን ትልበስ? አንዱ ነጠላ አለ። ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም የመጣች ያስመስላታል ብሎ ሌላው ተቃወመ። ጉርድ ቀሚስና ሸሚዝ ሲባል ደግሞ የንዑስ ከበርቴ መልክ አላት ተባለ። በመጨረሻ እስከ አንገቷ የተቆለፈ ካኪ ላይ ተስማሙ። ሲስተር ለዘብ ብላ «ታዲያ ጡቷ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው «ሴት ጡት እንዳላት ሕዝቡ ያውቃል» አላት።

ቀጥሎ ክንዷ ላይ መጡ። ማጅራቷ ላይ ያረፈው እጅ አላማራቸውም። አንዱ ጓድ ውቤ በረሃ በር ላይ የምትቆም ሴት ትመስላለች አለ፤ እነሱ እንዴት እንደሚቆሙ እሱ በምን አወቀ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ክንዷ ወደ ላይ ይነሳ ተባለ፣ ሠዓሊው አነሳው። የተዘረጋ መዳፍ እጅ የሰጠች ያስመስላታል ተባለ፣ ሠዓሊው መዳፏን አስጨበጣት። ሰውዬው ልጆች አሉት፣ ደመወዝ ይፈልጋል፣ አንሣ ቢሉት ያነሣል፣ ጨብጥ ቢሉት ይጨብጣል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ካኪ የለበሰች ሴት ግራ እጇን ጨብጣ ወደ ላይ አንስታለች፣ ቀኝ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ ግራ እጁን እየጨበጠ «ይውደም» እና «ያቸንፋል» በሚልበት ዘመን! ግድግዳው ሁሉ እጇን ባነሳች ሴት ተሞልቷል። የኛዋም ከነዚያ እንደ አንዷ ሆና አረፈችው። ጡቷን እየመረመረች ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢገኝ እብድ እሱ ነው።

ጽሑፉም አልተረፈም። ረዝሟል አሉ። «ሕዝቡ የሚይዘው መፈክር ነው» አለ ሰብሳቢው፣ እና «ጤናማ እናት ለጤናማ አብዮት» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጻፈ። የሲስተር አረፍተ ነገሮች ወደ ታች ወርደው ጥቃቅን ፊደል ሆኑ። ወረቀቱ በልክ ሲቆረጥ ደግሞ የመጨረሻዎቹ አብረው ተቆረጡ። ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት። «የጎደለ ፊደል አለ?» አለኝ። ፊደልስ አልጎደለም፣ አረፍተ ነገር ነው የጎደለው አልኩት። «እንግዲያው ያንቺ ሥራ አይደለም» አለኝና ሻዩን ጠጣ። ሴቶቹን ማንበብ አስተምረን የሚነበበውን ነሳናቸው ማለት ነው።

ሲስተርን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። «ቢያንስ ወጣ» አለችኝ። «ቢያንስ» የምትባለውን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ አልወዳትም።

አሁን ስለ እህቴ ላውራ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ ነበር የምላት፤ አንቱታውን ግን ገና በልጅነቴ «እኔን አሮጊት ልታደርጊኝ ነው?» ብላ አስቀርታኛለች። አላገባችም፤ ሲጠይቋት ወደ እኔ እያሳየች «ይቺን ያህል ወልጄ የለም ወይ» ትል ነበር። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ትሠራለች። ምላሷ እንደ ሰፈሩ ነው። ስኳር የጠፋ ሰሞን አንዱ ደንበኛ «ማኪያቶው አይጣፍጥም» ቢላት «ቀስ ብለህ ጠጣው፣ ካፍህ ይጨመርበታል» ብላ ሳይወድ በግዱ አሳቀችው።

ቀበሌው ፖስተሩ በየንግድ ቤቱ ይለጠፍ ብሎ አዘዘ። በኬክ ቤቱም ልክ ከባንኮኒው ትይዩ ተለጠፈ፤ እትዬ ቀና ባለች ቁጥር የምታየው እሱን ነው። የአራዳ ልጆች ወዲያው ስም አወጡለት። ሴትዮዋ ሰልፍ ላይ ነች፣ መፈክር ታሰማለች፣ ገንዘቧን ግን እንደ ማንኛዋም ሴት ጡቷ ውስጥ ነው የሸጎጠችው፤ ስለዚህ «አንድ እጇ ለአብዮቱ፣ አንድ እጇ ለሌባው» ተባለላት። አገር ሳቀ።

እኔም የኮሚቴውን ጉድ ለእትዬ አጫወትኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ፖስተሩ ዋናው ነገሩ ጡታችሁን ዳስሱ፣ ያበጠ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ ማለቱ ነው አልኳት። «ያመመው ይዳሰስ፣ እኔን የሚያመኝ እግሬ ነው» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ እውነትም ያማት ነበር። ቀጥላም «ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ላይ ምን እውነት ወጥቶ ያውቃል?» አለች። ትናንት ምርት ተትረፈረፈ የተባለው በዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ ዛሬ ለዳቦ ተሰልፈን ነው የመጣነው። ለዓመታት ሲዋሽ የከረመ ግድግዳ አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል? ጤናን ከመፈክር ጋር አንድ ገመድ ላይ ያሰጡ ሰዎች ይህን ማሰብ ነበረባቸው። አላሰቡም፤ አበል ግን ተከፍሏቸዋል።

ቅልብጭ ያለችው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበራችን ከዚህም የባሰ ነገር አመጣች። እሑድ እሑድ፣ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ሊቀመንበሯ ፖስተሩን እያሳየች «ከዛሬ ጀምሮ መፈክር ስናሰማ እንደዚች ጓዲት ነው» አለች። ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ፣ ቀኝ እጅ ግራ ጡት ላይ። አዳራሽ ሙሉ ሴት እንደዚያ ቆመን «ጤናማ እናት» እያልን ጮኽን። እትዬ ከጎኔ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ቆማለች፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ሥራዋን ትታ ስለመጣች ፊቷ የጠቆረ ሴት። «እኔስ ብሬን ያዝኩ፤ እናንተ ምን ይዛችኋል?» ብላ አንሾካሾከችልን። እኔና ጎረቤታችን ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። እትዬ ግን ያን ቀን አልሳቀችም፤ እግሯን አሟት ይሆናል ብዬ ነው ያለፍኩት።

ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ሲኒዎቹን ከላይኛው መደርደሪያ ማውረድ ያቃታት። ግራ ክንዷ አልነሳ አለ፣ ብብቷም አበጠ። በግድ ይዤያት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ሸሚዟን ስትከፍት እኔም ከሱ ጋር አብሬ አየሁት። የጡቷ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቆዳው ተሸብሽቧል። «መቼ ነው ያገኙት?» አላት። «ከዓመት በላይ ሆኖታል» አለችው፣ ረጋ ብላ። «ጠጠር የምታህል ነገር ነበረች። አታመኝም፣ ምንም አታደርገኝም። ያላመመ ነገር ደግሞ በሽታ ነው እንዴ?» ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሚያሰጋው የማያመው ነው፣ ለዚህ ነው ባያምም ኑ የምንለው አላት።

መቼ ነው ያላችሁን? ማን ነው ያለን? ይቺ «ባያምም» የምትለው ነገር በቢላ ከተቆረጠው ወረቀት ጋር ወለል ላይ ወድቃ ተጠርጋለች።

ጡቷ ተቆርጦ ወጣ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ ፋሻዋ ሳይፈታ፣ «በየእሑዱ እኮ እጄ እዚያው ላይ ነበር» አለችኝ። «በልብሴ ላይ እንኳ ትሰማኝ ነበር። መፈክሩ ረዘም ሲል እየዳበስኳት ነው የምቆመው።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው የጠላሁበት ቀን የለም። ሰብሳቢውን፣ ሊቀመንበሯን፣ ካኪውን፣ ሁሉንም።

እነሱ ግን አልጨረሱም። እትዬ ቤት መጥታ ሁለት ሰው ደግፏት መሄድ እንደጀመረች ሊቀመንበሯ ከአንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጋር መጣች። ዘመቻው ፍሬ አፍርቷል፣ ፍሬውም አንቺ ነሽ አለቻት። በፖስተሩ ነቅታ የታከመች ሴት ይፈልጋሉ። ውጡልኝ ልል አፌን ስከፍት እትዬ በዓይኗ ገሠጸችኝ። በዚያ ዘመን ደግሞ ቀበሌ ለምኖት እንቢ የሚል ሰው ነገውን አያውቀውም።

ለጋዜጠኛው «አንተ የምትፈልገውን እልልሃለሁ» አለችው። «ከዚያ እኔ የምፈልገውን እላለሁ። ይሆናል?»

«ምን ችግር አለ እህቴ» አለ፣ ቴፑን እያስተካከለ።

ቃሏን ጠበቀች። ፖስተሩን አይቼ ነቃሁ፣ ሳይውል ሳያድር ታከምኩ፣ ይኸው ድኛለሁ አለች። እትዬ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጥሩ አድርጋ ዋሸች። ከዚያ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። «እህቶቼ፣ አሁን ደግሞ ስሙኝ። ገላችሁን ስትታጠቡ፣ እጃችሁ ሳሙና እንዳለው፣ በጣታችሁ ጡታችሁን ዙሪያውን ዳስሱ። ብብታችሁንም እንዳትረሱ። ጠጠር ያለ ነገር ካገኛችሁ፣ ቆዳው ከተሸበሸበ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ለነገ አትበሉ። ካላመመኝ አትበሉ። እኔን አላመመኝም፣ ለዚህ ነው የቆየሁት።» ጋዜጠኛው አመሰገናትና ቴፑን ዘጋ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ።

በሴቶች ፕሮግራም ላይ የተላለፈ ቀን ቀበሌው ሬዲዮውን በድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ ሁሉ ለቀቀው። እትዬ መስኮት ክፈቺልኝ አለች። ፖስተሩን አይቼ ነቃሁ፣ ታከምኩ፣ ድኛለሁ። ከዚያ ማርሽ። ቀጥሎ ይመጣል ብላ ማርሹን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከማርሹ በኋላ ዜና ነው የመጣው።

«ሸወዱኝ» አለች። «ያን ለመናገር ብዬ ነበር እኮ የዋሸሁት። ውሸቱን ወስደው እውነቱን ጣሉት» አለችኝ። እህቴ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደጋግመው አስተላለፉት። በሽታው ጀርባዋ ገብቶ መገላበጥ ሲያቅታት፣ ከውጭ ድምፅ ማጉያው ድኛለሁ ይላል። እሷ ደግሞ ጨዋታ አይጠፋባትም፣ «ያቺ ጤነኛዋ መጣች» ትለኛለች። ሊቀመንበሯ ልትጠይቃት ብርቱካን ይዛ መጣች። ድምፅሽ እኮ እንዴት ያምራል አለቻት። ሰው ፊት ላይ ብርቱካን መወርወር ነውር ባይሆን ኖሮ እጄን ይዞ የሚያስቀረኝ ነገር አልነበረም።

እትዬ በጾም መያዣ አረፈች። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠን ሳለ ድምፅ ማጉያው ጀመረ። ማን ያጥፋው? የቀበሌ ድምፅ ማጉያ ቁልፉ እኛ ጋ አይደለም። ሊያለቅሷት የተሰበሰቡት ሴቶች ሟቿ ድኛለሁ ስትል አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። ማርሹ ሲነሳ ጎረቤታችን፣ ያቺ ሽንኩርት ሻጯ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አንቺ ሲቀዳ አብረሻት ነበርሽ አሉ። በቃ፣ ይኼንኑ ብቻ ነው የተናገረችው?» አለችኝ።

አይደለም አልኩ። እና ቆርጠው የጣሉትን ነገርኳቸው። መጮህ አላስፈለገኝም፤ ማርሹ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ በእትዬ ቃል፣ እንደተናገረችው አንድም ሳላስቀር። ሳሙናውን፣ ዙሪያውን፣ ብብቱን፣ አለማመሙን። ሴቶቹ ቀና ብለው አያዩኝም፤ ከየነጠላቸው ሥር ግን እጃቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ያ ሁሉ ቀለምና ያ ሁሉ ስብሰባ ያላደረገውን የእትዬ ቃል አደረገው።

የጎረቤታችን እጅ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ትንሽ ሄደና እዚያው ተመለሰ።

«እዚህ ጋ ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ያምሻል?»

«ኧረ ምንም።»

ማግስቱ የእትዬ ሥልስት ነበር። ሰዉ ወደ ጊዮርጊስ ሲወጣ እኔ ጎረቤታችንን ይዤ በቸርችል ጎዳና ወረድኩ። የገዛ እህቷን ሥልስት ጥላ ሄደች፣ ልቧ ድንጋይ ነው ብለው አሙኝ፤ ዛሬም የሚያሙኝ አሉ፣ ይሙ። ያው ወጣት ሐኪም ነበር። ጥቁር ልብሴን አይቶ ገባው። ወደ እሷ ዞረና መቼ እንዳገኘችው ጠየቃት።

«ትናንት» አለችው።